ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን፦ የግል ነጻነት፣ የሕዝብ ጤና እና የትምህርት ቤት ክትባት

መግቢያ

በዩናይትድ ስቴትስ አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ወላጆቹ ከሚጠየቋቸው ማስረጃዎች አንዱ ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ሰነድ ነው። ግዴታውን የሚጥሉት የየክፍለ ግዛቱ ሕጎች ናቸው። እነዚህ ሕጎች የግል ነጻነትን ይጥሳሉ ተብሎ በፍርድ ቤት ክርክር ሲነሣ ግን ነገሩ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 በሰጠው አንድ ፍርድ ላይ ነው። ፍርዱ ሄኒንግ ጃኮብሰን የተባሉ ሰው ከማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ጋር በነበራቸው ክርክር የተሰጠ ሲሆን፣ የጻፉትም ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ናቸው።

ሃርላን በሕግ ምሁራን ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት በዚህ ፍርድ አይደለም። ስማቸውን ያስጠራው በ1896 በፕሌሲና በፈርግሰን ጉዳይ የጻፉት የልዩነት ሐሳብ ነው። በዚያ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጥቁሮችና ነጮች በባቡር ውስጥ ተለያይተው እንዲቀመጡ ያዘዘውን የሉዊዚያና ሕግ ሲያጸድቅ ሃርላን ብቸኛው ተቃዋሚ ነበሩ። የመንግሥትን እጅ ከዜጎች መብት ላይ ለማንሣት ብቻቸውን የቆሙ ዳኛ፣ መንግሥት ዜጎችን ለክትባት እንዲያስገድድ የፈቀደውን ፍርድ መጻፋቸው በመጀመሪያ ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ይህ አጭር ጽሑፍ የዳኛውን ሕይወት በመከተል ግጭቱ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና ጦርነት

ሃርላን ጁን 1 ቀን 1833 በኬንታኪ ክፍለ ግዛት በዳንቪል ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ጄምስ ሃርላን ጠበቃና ፖለቲከኛ ነበሩ፤ የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥልጣን መሠረት ያስያዙትን ዋና ዳኛ ጆን ማርሻልን እጅግ ያከብሩ ስለነበር ስማቸውን ለልጃቸው አወጡለት። ሕፃኑ ገና ከልደቱ ለሕግ ሙያ የታጨ ነበር ማለት ይቻላል። በሴንተር ኮሌጅ ትምህርታቸውን በ1850 ከፈጸሙ በኋላ በትራንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው በ1853 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ።

ቤተሰቡ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ኬንታኪ በሰሜንና በደቡብ መካከል የቆመች፣ ባርነትን የምትፈቅድ ነገር ግን ከኅብረቱ ያልተገነጠለች ክፍለ ግዛት ነበረች። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲፈነዳ ሃርላን ከኅብረቱ ጎን ተሰልፈው አሥረኛውን የኬንታኪ እግረኛ ክፍለ ጦር አደራጁ፤ በኮሎኔልነትም መሩት። አባታቸው በ1863 ሲሞቱ የቤተሰቡን ኃላፊነት ለመሸከም ከሠራዊቱ ለቀቁ። በዚያው ዓመት የኬንታኪ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመረጡ።

ለኅብረቱ መዋጋታቸው ባርነትን መቃወማቸው አልነበረም። የፕሬዚዳንት ሊንከንን የነጻነት አዋጅ ተቃውመዋል፤ ባርነትን ከአገሪቱ ጨርሶ ያጠፋውን አሥራ ሦስተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያም አልደገፉም። ለውጣቸው የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ነጻ በወጡ ጥቁሮች ላይ ይፈጸም የነበረውን ግድያና ማስፈራራት ካዩ በኋላ ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲ ተቀላቀሉ። በ1871 ለኬንታኪ አገረ ገዢነት ሲወዳደሩ ተቀናቃኞቻቸው የቀድሞ አቋማቸውን እያነሡ ቢሞግቷቸው፣ ሐሳባቸውን መለወጣቸውን በአደባባይ ከማመን ወደኋላ አላሉም። በዚያ ምርጫም፣ በ1875 በተደረገው ሁለተኛ ውድድርም ተሸነፉ።

ይህ የወጣትነትና የጎልማሳነት ዘመን በኋላ ለጻፏቸው ፍርዶች ሁለት ነገሮችን አውርሷቸዋል። አንደኛው ኅብረተሰብ በአደጋ ጊዜ ከአባላቱ መሥዋዕትነት መጠየቅ ይችላል የሚለው የወታደር እምነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች የአገሪቱን የሕግ መሠረት እንደ ለወጡ መቀበላቸው ነው።

ብቸኛው ተቃዋሚ

ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ በ1877 ሃርላንን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አጯቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥራ የጀመሩት ሃርላን እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ34 ዓመታት ያህል በችሎቱ አገለገሉ።

በ1883 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1875ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ዋና ድንጋጌዎች ሻረ። ሕጉ ሆቴሎች፣ የሕዝብ መጓጓዣዎችና ቲያትር ቤቶች በቀለም ምክንያት ሰውን እንዳይከለክሉ ያዝ ነበር። ከዘጠኙ ዳኞች የተቃወሙት ሃርላን ብቻ ናቸው። ባለቤታቸው ማልቪና በማስታወሻቸው እንደ ተረኩት፣ ሃርላን የልዩነት ሐሳባቸውን መጻፍ አቅቷቸው ሲጨነቁ፣ ዋና ዳኛ ቶኒ በ1857 ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም የሚለውን ፍርድ ሲጽፉ የተጠቀሙበትን የቀለም ዕቃ አውጥተው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡላቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዕራቸው ተፈታ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በፕሌሲ ጉዳይም እንደ ገና ብቻቸውን ቆሙ። የሁለቱም ጽሑፎች ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ሕግ አንድን የዜጎች ክፍል ለይቶ የበታች ማድረግ አይችልም።

ሆኖም ሃርላን የመንግሥትን ሥልጣን በጠቅላላው የሚጠራጠሩ ዳኛ አልነበሩም። በ1887 ካንሳስ የአልኮል መጠጥ ማምረትንና መሸጥን መከልከሏን ያጸደቀውን ፍርድ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። በአሜሪካ ሕግ የክፍለ ግዛቶች የፖሊስ ሥልጣን የሚባለውና የሕዝብን ጤና፣ ደኅንነትና ሥነ ምግባር ለመጠበቅ ሕግ የማውጣት መብትን የሚያመለክተው ጽንሰ ሐሳብ በእርሳቸው ፍርዶች ውስጥ ሰፊ ቦታ ነበረው። በዚያው የካንሳስ ፍርድ ግን አንድ ማሰሪያ አኑረዋል። አንድ ሕግ የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ ወጣሁ ቢልም ከዚያ ዓላማ ጋር እውነተኛ ግንኙነት ከሌለው ፍርድ ቤት ሊሽረው ይገባል ብለዋል። ይህ ማሰሪያ ከ18 ዓመታት በኋላ በክትባቱ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል።

ከትምህርት ቤት የተጀመረ ግዴታ

የክትባት ግዴታ ከሃርላን ፍርድ በፊት በትምህርት ቤቶች ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር። ማሳቹሴትስ በ1855 የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የፈንጣጣ ክትባት እንዲወስዱ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤት ብዙ ሕፃናት በጠባብ ክፍል ለረጅም ሰዓት አብረው የሚቆዩበት ስፍራ በመሆኑ ፈንጣጣ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደየቤቱ የሚዛመትበት መንገድ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ በትምህርት ቤት ምዝገባ አማካይነት መንግሥት እያንዳንዱን ሕፃን በቀላሉ ማግኘት ይችላል።

የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች በጉዳዩ ላይ አንድ ዓይነት አቋም አልነበራቸውም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1890 የትምህርት ቤት ክትባት ሕግን አጸደቀ። በ1897 ግን የኢሊኖይና የዊስኮንሲን ፍርድ ቤቶች፣ ፈንጣጣ በአካባቢው ሳይኖርና ሕግ አውጪው በግልጽ ሳይፈቅድ የጤናና የትምህርት ቦርዶች በራሳቸው ደንብ ያልተከተቡ ሕፃናትን ከትምህርት ቤት ማስወጣት እንደማይችሉ ወሰኑ። በ1904 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያልተከተቡ ሕፃናትን ከሕዝብ ትምህርት ቤት የሚከለክለውን ሕግ አጸደቀ። ሃርላን በቀጣዩ ዓመት ፍርዳቸውን ሲጽፉ ከዚህ የኒው ዮርክ ውሳኔ በሰፊው ወስደዋል። ስለዚህ የአዋቂዎችን ክትባት የሚመለከተው ታላቅ ፍርድ ራሱ የተማሪዎችን ክትባት በሚመለከት ክርክር ላይ የቆመ ነው።

የተቃዋሚዎቹ ሥጋት መሠረት የለሽ አልነበረም። የዘመኑ ክትባት ከጥጃ በሚወሰድ ፈሳሽ ቆዳን በመጫር የሚሰጥ ሲሆን፣ አመራረቱ የጠበቀ ቁጥጥር አልነበረውም። በ1901 በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት በካምደን ከተማ የፈንጣጣ ክትባት የወሰዱ ዘጠኝ ሕፃናት በመንጋጋ ቆልፍ ሞቱ። በዚያው ዓመት በሴንት ሉዊስ 13 ሕፃናት በተበከለ የዲፍቴሪያ መድኃኒት ሕይወታቸው አለፈ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1902 የክትባትና መሰል ምርቶችን አመራረት የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣው ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ ነው።

የካምብሪጅ ወረርሽኝና የ1905ቱ ፍርድ

ከ1901 እስከ 1903 በቦስተን ከተማ በተከሰተው ወረርሽኝ 1,596 ሰዎች በፈንጣጣ ሲያዙ 270ዎቹ ሞቱ። በወንዝ ማዶ የምትገኘው ካምብሪጅም ከበሽታው አላመለጠችም። የከተማዋ የጤና ቦርድ በፌብሩዋሪ 1902፣ ከማርች 1 ቀን 1897 ወዲህ ያልተከተቡ ነዋሪዎች ሁሉ እንዲከተቡ አዘዘ። እምቢ ያለ አዋቂ መቀጫው 5 ዶላር ነበር።

በስዊድን ተወልደው በካምብሪጅ የሉተራን ምዕመናንን ያገለግሉ የነበሩት ቄስ ሄኒንግ ጃኮብሰን አልከተብም አሉ። በልጅነታቸው ክትባት ክፉኛ እንደ ጎዳቸው፣ በወንድ ልጃቸውም ላይ ተመሳሳይ ነገር እንደ ደረሰ ገለጹ። ተከስሰው ተፈረደባቸው፤ የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1903 ፍርዱን አጸና። ጉዳዩ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጃኮብሰን ካቀረቧቸው መከራከሪያዎች አንዱ ሕፃናትን የሚመለከት ነበር። የማሳቹሴትስ ሕግ ክትባት ሊጎዳቸው እንደሚችል ሐኪም የመሰከረላቸውን ሕፃናት ነጻ ሲያደርግ፣ ለአዋቂዎች ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ በግልጽ አላስቀመጠም፤ ይህም በሕግ እኩል ጥበቃ የማግኘት መብትን ይጥሳል አሉ።

ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1905 በ7 ለ2 ድምፅ በጃኮብሰን ላይ ወሰነ። ሃርላን የጻፉት ሐተታ በአራት እርምጃዎች ይጠቃለላል። በመጀመሪያ፣ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ነጻነት ሰው ምንጊዜም ከማናቸውም ገደብ ውጭ እንዲሆን የሚፈቅድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የጎረቤቱን ጉዳት ሳይመለከት እንዳሻው ቢሆን ለማንም ነጻነት አይተርፍም። አገር ዜጋውን ለውትድርና ጠርታ በጥይት ፊት ልታቆመው እንደምትችል ያስታወሱት እዚህ ላይ ነው፤ በጦር ሜዳ ለዋለ ሰው ይህ የመጽሐፍ ምሳሌ አልነበረም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሐኪሞች ስለ ክትባት ያላቸው አስተያየት ቢለያይም ከሁለቱ ሐሳቦች አንዱን የመምረጥ ሥልጣን የሕግ አውጪው እንጂ የፍርድ ቤት አይደለም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ሕጉ አዋቂዎችን ሁሉ በአንድ ዓይን ያያል፤ ለአዋቂ የሚስማማ ደንብ ለጨቅላ ሕፃን ላይስማማ ስለሚችል ሕፃናትን ለይቶ ማየቱ አድልዎ አይደለም።

አራተኛው እርምጃ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ሃርላን የጤና ቦርዶች ሥልጣን ወሰን የለሽ እንዳልሆነ ጽፈዋል። ትእዛዙ በዘፈቀደ ከተሰጠ፣ ለሕዝብ ደኅንነት ከሚያስፈልገው መጠን እጅግ ከራቀ፣ ወይም በጤናው ሁኔታ ምክንያት ክትባት ክፉኛ በሚጎዳው ሰው ላይ በጭካኔ ከተፈጸመ ፍርድ ቤቶች ጣልቃ ሊገቡ ይችላሉ። የሕጉ ቅጣትም ቢሆን የገንዘብ መቀጫ ብቻ እንጂ ሰውን ይዞ በጉልበት መከተብን የሚፈቅድ አልነበረም።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1905፣ ያው ፍርድ ቤት የዳቦ ጋጋሪዎችን የሥራ ሰዓት በቀን 10፣ በሳምንት 60 ሰዓት የወሰነውን የኒው ዮርክ ሕግ በሎክነር ጉዳይ ሻረ። ሃርላን በዚህ ጊዜ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበሩ። በዱቄት ብናኝና በምድጃ ሙቀት ውስጥ ረጅም ሰዓት መሥራት ጤናን እንደሚጎዳ በማስረጃ አሳይተው፣ የክትባቱን ፍርድም ጠቅሰው፣ ሕጉ ሊጸና ይገባ ነበር አሉ። ለሃርላን የሠራተኛው ሳንባና የተማሪው ከፈንጣጣ መጠበቅ በአንድ መርህ ሥር የሚወድቁ ነበሩ።

የዳኛው ጉድለት

የሃርላን ታሪክ የአንድ ጻድቅ ታሪክ ሆኖ ሊነገር አይችልም። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደ ሰው የአሜሪካ ዜጋ ነው ብሎ ሲወስን ሃርላን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆሙ። በፕሌሲ ጉዳይ በጻፉት የልዩነት ሐሳብ ውስጥም ቻይናውያንን በንቀት የሚያይ አንቀጽ ይገኛል።

ለትምህርት ቤት ይበልጥ የቀረበው ግን የ1899 ፍርዳቸው ነው። በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በኦገስታ ከተማ የትምህርት ቦርዱ ለነጮች የሚሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እየደገፈ፣ ሕንፃው ለጥቁር ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያስፈልጋል በሚል የጥቁሮችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጋ። ጥቁር ግብር ከፋዮች አቤት ቢሉም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገ፤ ፍርዱን የጻፉት ሃርላን ነበሩ። ምክንያታቸው የትምህርት አስተዳደር የክፍለ ግዛቶች ጉዳይ በመሆኑ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግልጽ የመብት ጥሰት ካላየ ጣልቃ አይገባም የሚል ነው።

ይህ ፍርድ ከክትባቱ ፍርድ ጎን ሲቀመጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በሁለቱም ሃርላን የአካባቢ ቦርድን ውሳኔ አምነው ተቀብለዋል። በካምብሪጅ ያ እምነት ከተማዋን ከወረርሽኝ የሚጠብቅ ትእዛዝ አጸና፤ በኦገስታ ግን የጥቁር ሕፃናትን የትምህርት ቤት ደጃፍ ዘጋ። ልዩነቱ ያለው ለቦርዶች በተሰጠው እምነት ላይ ሳይሆን ሸክሙ በወደቀበት ትከሻ ላይ ነው። የካምብሪጅ ትእዛዝ ሀብታምና ድሀ፣ ነጭና ጥቁር ሳይል በነዋሪው ሁሉ ላይ ወደቀ፤ የኦገስታው ውሳኔ ግን አስቀድሞ በተለየ አንድ ወገን ላይ ብቻ አረፈ። ሃርላን በፕሌሲ ጉዳይ አጥርተው ያዩትን ይህን መለኪያ በኦገስታ አልተጠቀሙበትም።

ከሞት በኋላ

ሃርላን ኦክቶበር 14 ቀን 1911 በ78 ዓመታቸው በዋሽንግተን አረፉ። ፍርዳቸው ግን ከእርሳቸው በኋላ በሁለት አቅጣጫ ተጓዘ።

አንደኛው መንገድ ወደ ትምህርት ቤት መለሰው። በቴክሳስ የሳን አንቶኒዮ ከተማ ያልተከተበ ሕፃን በሕዝብም ሆነ በግል ትምህርት ቤት እንዳይማር ደንግጋ ነበር። ከትምህርት ቤት የታገደች አንዲት ተማሪ ጉዳይ በ1922 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ በከተማዋ ወረርሽኝ እንዳልነበረ ተነሥቶ ነበር። ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ ለሙሉው ችሎት በጻፉት አጭር ፍርድ ጥያቄው በ1905ቱ ውሳኔ መልስ እንዳገኘ ገልጸው አቤቱታውን ዘጉት። በዚህም በወረርሽኝ መካከል ለአዋቂዎች የተሰጠ ፍርድ ወረርሽኝ በሌለበትም ለተማሪዎች የሚሠራ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ አሳዛኝ ነው። በ1927 ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ ቨርጂኒያ የአእምሮ ጉድለት አለባቸው የምትላቸውን ሰዎች እንድታመክን የፈቀደውን ፍርድ ሲጽፉ ድጋፍ አድርገው የጠቀሱት የሃርላንን ፍርድ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ከ60,000 በላይ ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ሕጎች መክነዋል። ሆምስ ከሃርላን ሐተታ የመንግሥትን ሥልጣን ወስደው አራተኛውን እርምጃ፣ ማለትም ገደቡን፣ ትተውታል። ክትባት ለሁሉም የሚታዘዝ ሲሆን ማምከን ግን ተለይተው በተያዙ ደካሞች ላይ የሚፈጸም ነበር።

ፈንጣጣ ራሱ ከዓለም ጠፍቷል። ዩናይትድ ስቴትስ መደበኛውን የፈንጣጣ ክትባት በ1972 አቆመች፤ በሽታው በመጨረሻ ከተወገደባቸው አገሮች አንዷ በሆነችው በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1976 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980 በሽታው መጥፋቱን አወጀ። ፍርዱ ግን በሽታውን አልፎ ኖረ። ዛሬ የሚያገለግለው ለኩፍኝ፣ ለፖሊዮ፣ ለትክትክና ለመሰል በሽታዎች ክትባት ነው። ካሊፎርኒያ በ2015 ከጤና ውጭ ያሉ ምክንያቶችን ለትምህርት ቤት ክትባት ነጻ መሆኛነት እንዳይቀርቡ ስትከለክል በተነሣው ክርክርም የሃርላን ስም እንደ ገና ተጠርቷል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሕይወት በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የፕሌሲው ተቃዋሚና የጃኮብሰን ፍርድ ጸሐፊ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አይደሉም። ለሃርላን ነጻነት ማለት ብቻ መተው ሳይሆን ሸክሙንና ጥበቃውን በእኩል በሚካፈል ኅብረተሰብ ውስጥ መኖር ነበር። ሕግ ሁሉንም በእኩል ሲጠይቅ ደገፉት፤ አንዱን ወገን ለይቶ ሲያዋርድ ተቃወሙት። በቻይናውያንና በኦገስታ ሕፃናት ጉዳይ የወደቁትም ይህንኑ የራሳቸውን መለኪያ በዘነጉ ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለአሜሪካ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ለመግባት ክትባት እንዲወስዱ የሚያዝ ማንኛውም ሕግ፣ በ1905ቱ ፍርድ መንፈስ ሲመዘን አራት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፦ ሥልጣኑ ከሕግ አውጪው የመነጨ ነው? ከሚከላከለው አደጋ ጋር እውነተኛ ግንኙነት አለው? ሸክሙ በሁሉም ላይ በእኩል ይወድቃል? ክትባቱ የሚጎዳው ሕፃን ከለላ ያገኛል? የፍርዱን የመጀመሪያ ገጾች ብቻ ያነበበ ሕግ አውጪ ሥልጣን ያገኝበታል፤ እስከ መጨረሻው ያነበበ ደግሞ ከሥልጣኑ ጋር የተሰጠውን አደራ ያገኛል።